አንድ ጭረት፣ ሁለት ስላይድ፦ የሚመሳሰሉ የቆዳ ሕመሞችን ስለ መለየት

ደብረ ብርሃን ውስጥ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ለነርሶችና ለአካባቢው ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ሆኖ የተጻፈ

እንደምን አደራችሁ። በዚህ ብርድ ከመንዝ፣ ከአንኮበር፣ ከጣርማበር ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ጋቢያችሁን እንደለበሳችሁ ተቀመጡ፤ የጋቢን ነገር ወደ በኋላ አነሣዋለሁ።

ከአንድ ሰው ልጀምር። ስሙንም ቀበሌውንም አልጠራም። ከመንዝ አፋፍ ወደ ታች ሲወረድ ካለው ገደላማ አገር የመጣ ገበሬ ነው። ልጅነቱን በግና ፍየል ሲጠብቅ ነው ያሳለፈው። ዝናብ ሲጥል ቋጥኝ ሥር ይጠለላል፤ ሲመሽበትም እዚያው ያድራል። ዕድሜው ወደ ሃያ ሲጠጋ ጉንጩ ላይ አንዲት ጉጥ ወጣችበት። አላመመችውም፣ አላሳከከችውም፣ አልቆሰለችም፤ ስለዚህ ተዋት። በዓመት በሁለት ዓመቱ ግን ጉጡ ወደ ግንባሩ፣ ወደ ጆሮው ጫፍ፣ ወደ ክንዱ ተዛመተ። ፊቱ አብጦ ቅቤ የተቀባ መሰለ። አብሮ አደጎቹ እንኳ ገበያ ላይ ሲያገኙት ለማወቅ ተቸገሩ።

ወደ አንድ ጤና ተቋም ሄደ። ያየው ባለሙያ ከወንበሩ ሳይነሣ "ሥጋ ደዌ ነው" አለው። መድኃኒት ተሰጠው፤ 12 ወር ሙሉ አንድ ቀን ሳያጓድል ዋጠ። ከመድኃኒቶቹ አንዱ ክሎፋዚሚን ነው፤ ክሎፋዚሚን ደግሞ ቆዳ ያጠቁራል። ጉጦቹ ሳይቀንሱ ፊቱ ጠቆረበት። ቤት ውስጥ ዋንጫውን የለየበት ሌላ ሰው አልነበረም፤ ራሱ ነው የለየው። ልጁን ማቀፍ ተወ። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ከቅጽሩ ውጭ ቆሞ ያስቀድሳል። ይህን ሁሉ ሲነግረኝ ቀና ብሎ አላየኝም።

ከጆሮው ጫፍ ትንሽ ጭረን ሁለት ስላይድ፣ ማለት በማይክሮስኮፕ የሚታይ ስስ መስታወት፣ ላይ ቀባን። አንዱን ለሥጋ ደዌ ባክቴሪያ በሚሆነው ቀለም፣ ሌላውን ጊምሳ በሚባለው ቀለም ነከርነው። በመጀመሪያው ላይ ብንፈልግ ብንፈልግ አንድም ባክቴሪያ አላገኘንም። በሁለተኛው ላይ ግን የሌይሽማኒያ ተሕዋስያን እንደ ፈሰሰ ጤፍ ተዘርግፈው ነበር። ሕመሙ ቁንጭር ነው። አፍንጫ ወይም ጉንጭ ላይ አንድ ቁስል ሆኖ ቆይቶ ጠባሳ ጥሎ የሚሄደው፣ ሁላችሁም የምታውቁት ቁንጭር አይደለም። መላ ቆዳን የሚያለብሰው ብርቅ ዓይነቱ ነው።

የሳንባ በሽታ፣ የኩላሊት በሽታ ሲሆን ሁላችንም "ይመርመር" እንላለን። የቆዳ ሲሆን ግን፣ ከላይ ስለሚታይ ብቻ፣ ያወቅነው ይመስለናል። ዛሬ የመጣሁት ይህን ልማድ ለመሞገት ነው።

ቁንጭርና ሥጋ ደዌ እስከዚህ ድረስ የሚመሳሰሉት ለምንድን ነው? ሁለቱም ተሕዋስያን የሚኖሩት አንድ ቦታ ስለሆነ ነው። ሰውነታችን ባዕድ ነገር ሲገባበት የሚውጡለት ማክሮፋጅ የሚባሉ ሕዋሳት አሉት። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያም የቁንጭር ተሕዋስም በእነዚሁ ሕዋሳት ተውጠው፣ ሳይሞቱ፣ እዚያው ውስጥ ይራባሉ። አብዛኛው ሰው ላይ ሰውነት ይነቃና ይከባቸዋል፤ ሕመሙም አንድ ሁለት ቦታ ላይ ተወስኖ ይቀራል። ጥቂት ሰዎች ላይ ግን ሰውነት ያንን አንድ ጠላት ለይቶ ማየት ይሳነዋል። ሌላውን በሽታ ሁሉ እየተከላከለ ለዚያኛው በሩን ከፍቶ ይተኛል። ያን ጊዜ ቆዳው ተሕዋስ በተሸከሙ ማክሮፋጆች ይታጨቅና ያብጣል፣ ይጎጣል። እኛ የምናየው እብጠቱን ነው፤ በውስጡ ማን እንዳለ ግን አይታይም። ቆዳ ሲታመም የሚሰጠው መልስ ጥቂት ነው፦ ያብጣል፣ ይነጣል፣ ይጠቁራል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ይላጣል። በሽታው ግን ብዙ ነው።

በእኛ ደጋና ወይና ደጋ ቁንጭርን በአብዛኛው የሚያመጣው ሌይሽማኒያ ኢትዮፒካ የሚባለው ተሕዋስ ነው፤ ይህ ስም የወጣለት በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። ማደሪያው ሽኮኮ ነው። ከሽኮኮ ወደ ሰው የሚያመላልሰው ደግሞ የአሸዋ ዝንብ ነው፤ ከወባ ትንኝ በጣም ያነሰ፣ ሲበር ድምፁ የማይሰማ፣ ቀን በቋጥኝ ስንጥቅ ተደብቆ ማታ የሚወጣ። ከባሕር ወለል በላይ ከ1400 እስከ 2700 ሜትር ገደማ ባለ ገደላማ አገር ይገኛል። ስለዚህ የሚጎጥ ቆዳ ይዞ የመጣን ሰው "መቼ ጀመረህ?" ብቻ ብለን አንተወው። "ልጅ ሆነህ የት ነበር የምታድረው? ቤታችሁ ገደል ሥር ነው? ሽኮኮ በደጃችሁ ታያላችሁ?" እንበለው። ያ ገበሬ ይህን ጥያቄ የሰማው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። "ሽኮኮማ ጎረቤታችን ነው" አለኝ።

ነገሩ አዲስ ግኝትም አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም አንቶኒ ብራይሰን ይህን የሚሠራጭ ቁንጭር በኢትዮጵያ ሕሙማን ላይ በዝርዝር አጥንቶ በ1969 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በጽሑፍ ያለ እውቀት ወደ ጤና ጣቢያው ጠረጴዛ አለመድረሱ ያንገበግበኛል።

አሁን ሥጋ ደዌን በጥጥ ወደምንመረምርበት መንገድ ልምጣ። ሥጋ ደዌ ነርቭ ይወዳል፤ ዋናው መለያው እዚህ ላይ ነው። ባክቴሪያውን ኖርዌያዊው ሐንሰን በ1873 እ.ኤ.አ. አገኘው፤ በዝግታ ስለሚራባ ሰው ከያዘው በኋላ ምልክቱ እስኪታይ በአማካይ አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ሃያ ዓመት ይወስዳል። ቆዳ ላይ ፈዘዝ ያለ ወይም ቀላ ያለ ምልክት ያወጣል፤ ያ ቦታ ሲነካ አይሰማም። አያልብም፣ ጸጉሩም ይሳሳል። ክርን ላይ፣ አንገት ላይ፣ ከጉልበት ውጭ በኩል የሚያልፉት ነርቮች ወፍረው እንደ ገመድ በእጅ ይዳሰሳሉ።

ምርመራው ገንዘብ አይጠይቅም። ትንሽ ጥጥ ጫፏን እንደ ጧፍ ክር ጠምዝዙ። መጀመሪያ ዓይኑን ገልጦ ሳለ ጤነኛ ቆዳው ላይ ነክታችሁ አሳዩት፤ "ስነካህ የነካሁህን ቦታ በጣትህ ጠቁም" በሉት። ከዚያ ዓይኑን ይጨፍን። ጥጡን አትጎትቱ፣ አትጫኑ፤ ጫፉ እጥፍ እስኪል ብቻ ንኩ። አንዴ ምልክቱን፣ አንዴ ጤነኛውን፣ ተራውን እያዘበራረቃችሁ ሞክሩ። ጤነኛውን እያሳየ ምልክቱን ደጋግሞ ከዘለለው፣ ነገሩ ሥጋ ደዌ ነው፤ ያን ሰው ያለ ሕክምና ወደ ቤቱ አትመልሱት። "ይሰማሃል?" ብላችሁ ግን አትጠይቁ። ሰው ሐኪም ደስ እንዲለው "አዎ" ይላል።

የጥጡን ድንበርም ልንገራችሁ። ፊት ላይ ነርቭ ስለሚበዛ ምልክቱ ሥጋ ደዌ ሆኖም ሊሰማ ይችላል። በሙሉ ሰውነት የሚጎጠው የሥጋ ደዌ ዓይነት ደግሞ መጀመሪያ ላይ ስሜት ላያጠፋ ይችላል። ስለዚህ አንድ ሰው ፊቱና ጆሮው ጎጥቶ ሲመጣ "ጥጡ ተሰማው፣ ሥጋ ደዌ አይደለም" ማለትም ስሕተት ነው። እዚያ ላይ የሚፈርደው ጭረቱ ነው። የሚጎጠው ሥጋ ደዌ ባክቴሪያው የትየለሌ ነው፤ ጆሮ ተጭሮ፣ ስላይዱ በሚገባ ተሠርቶ አንድም ካልተገኘ፣ ሥጋ ደዌ ተብሎ የተጻፈውን ካርድ መልሳችሁ ጠርጥሩ። የሚሠራጨው ቁንጭርም እንዲሁ ተሕዋሱ ሞልቶ የተረፈ ነው። ያው አንድ ጭረት ለሁለቱም ይበቃል፤ የሚጨመረው አንድ ስላይድና አንድ ቀለም ብቻ ነው። ላቦራቶሪ ስትልኩ "ሁለቱንም እዩልኝ" ብላችሁ ጻፉ። ጤና ጣቢያችሁ ይህን የማይሠራ ከሆነ ሪፈር ስትጽፉ ይህችኑ ቃል ጨምሩበት።

መድኃኒታቸው አንዱ ለሌላው አይሆንም። የሥጋ ደዌው ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን ነው፤ ምልክቱ እስከ አምስት ለሆነ 6 ወር፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 12 ወር ይወሰዳል፤ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል በነፃ ይሰጣል። በጊዜ የተጀመረ እንደሆነ ያድናል፤ መድኃኒቱን የጀመረ ሰውም ብዙም ሳይቆይ ለሌላ ማስተላለፉን ያቆማል። ዋንጫ መለየት አያስፈልግም ነበር፤ ሥጋ ደዌ ቢሆን እንኳ! የሚሠራጨው ቁንጭር ግን ረጅም ሕክምና ይፈልጋል፣ ደጋግሞም ያገረሻል። ያ ሰው ዛሬም በሕክምና ላይ ነው። ፊቱ ለስልሷል፤ ገና አልጨረስንም።

ስለ ስም ትንሽ ልበል። በእኛ ቋንቋ "ለምጽ" የሚለው ቃል ብዙ ሸክም አለበት። በመጽሐፍ ቅዱስ ለምጽ የተባለው ነገር አንድ በሽታ አይደለም፤ በዘሌዋውያን ልብስም ቤትም ለምጽ ይወጣበታል። ዛሬ ደግሞ ለምጽ የምንለው ቆዳ እንደ ወተት የሚነጣበትን፣ ሐኪሞች ቪቲሊጎ የሚሉትን ነው። ቪቲሊጎ ተላላፊ አይደለም። ሰውነት በስሕተት የገዛ ቀለም ሠሪ ሕዋሳቱን ስለሚያጠፋ የሚመጣ ነው። ሁለቱ ነገሮች አንድ ስም ስለተጋሩ ግን አንዷ ልጅ ከንፈሯ ዳር ስለነጣ ብቻ የተላከላት ሽማግሌ ይቀራል። አክስቷ ይዛት መጥታ "ልጄ፣ ዘራችን ንጹሕ ነው፤ ይህ ከየት መጣብን?" አለችኝ። ጥጡን ወስጄ ለአክስቷ ራሷ ሰጠኋት። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና እያንዳንዷን ንክኪ ጠቆመች። አክስቷ ሦስቴ ደገመችው።

ቪቲሊጎ ፍጹም ይነጣል፣ አይሻክርም፣ ስሜት አያጠፋም፤ ቦታው ላይ ያለው ጸጉርም ሊነጣ ይችላል። ሥጋ ደዌ ግን እንደ ወተት አይነጣም፤ ይፈዛል እንጂ። ቋቁቻ ደግሞ ሌላ ነው፤ ደረትና ጀርባ ላይ ይበዛል፣ በጥፍር ፋቅ ሲደረግ እንደ ዱቄት ያለ ቅርፊት ይነሣል። ሕፃናት ጉንጭ ላይ የሚታየው ፈዘዝ ያለ፣ ሻካራ ምልክት በአብዛኛው ጉዳት የለውም፣ በጊዜው ይጠፋል። እነዚህን ለመለየት የሚያስፈልገው የቀን ብርሃን፣ ጥፍርና ጥጥ ነው።

በዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 ላይ ካህኑ ምልክቱን አይቶ ወዲያው አይፈርድም። ሰባት ቀን ያቆይና እንደገና ያያል፤ ካልለየለት ሌላ ሰባት ቀን ይጨምራል። ይህን ለካህናት ወንድሞቼ ጻድቃኔ ማርያም ለጸበል ከሚመጡ ሕሙማን ጋር ስንነጋገር አንሥቼዋለሁ፣ በደስታም ተቀብለውታል። ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መያዝ ይቻላል። የሚጎዳው መዘግየት ነው፤ ነርቭ አንዴ ከሞተ አይመለስምና።

ውኃ ወደሚቋጥሩት ልለፍ። አገራችን ላይ ቆዳ ውኃ ሲቋጥር "ሸረሪት ሸናበት" ይባላል፤ ከንፈርና አፍ ሲቆስል "ምች መታው" ተብሎ ዳማከሴ ይታሻል። ብዙውን ጊዜ ነገሩ በሳምንት በሁለት ሳምንት ስለሚያልፍ ማንም አይጎዳም። አንዲት እናት ግን አፏ ውስጥ ቆስሎ አምስት ወር "ምች ነው" ተብላ ቆየች። እንጀራ መጉረስ አቃታት። ኋላ ደረቷና ጀርባዋ ላይ ውኃ መቋጠር ጀመረ፤ የቋጠረው ልል ነው፣ በጣት ሲነካ ይፈርጣል፣ ዙሪያው ያለው ጤነኛ የሚመስል ቆዳ እንኳ ሲታሽ ይንሸራተታል። ይህ ፔምፊገስ ነው፤ ብርቅ በሽታ ነው፣ ካልታከመ ይገድላል።

መንትያ የሚመስለው ሌላ አለ፤ ፔምፊጎይድ ይባላል። እሱ በአብዛኛው አረጋውያንን ይይዛል፣ ክፉኛ ያሳክካል፣ የሚቋጥረው ውኃ ግን የተወጠረና ጠንካራ ነው፤ አፍ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገባም። እስከ 1953 እ.ኤ.አ. ሐኪሞችም በቅጡ አልለዩአቸውም ነበር፤ በዚያ ዓመት ዋልተር ሌቨር ቆዳቸውን በማይክሮስኮፕ አይቶ ሁለት በሽታዎች መሆናቸውን አሳየ። ልዩነቱ የጥልቀት ነው። እንጀራ ሲጋገር አስቡ። ፔምፊጎይድ እንጀራው ምንም ሳይሆን ሙሉውን ከምጣዱ እንደሚነሣው ነው፤ ላይኛው ቆዳ ከሥረኛው ይላቀቃል፣ ውኃው በመካከል ይገባል፣ ሽፋኑ ወፍራም ስለሆነ ቶሎ አይፈርጥም። ፔምፊገስ እንጀራው ራሱ እንደሚበጣጠሰው ነው፤ ላይኛው ቆዳ ውስጥ ያሉት ሕዋሳት እርስ በርስ መያያዛቸውን ይተዋሉ፣ ሽፋኑም ስስ ስለሆነ ወዲያው ይቀደዳል። ከወር በላይ ያልዳነ የአፍ ቁስል ያለበትን ሰው ምች ነው ብላችሁ አትሸኙት። እዚህ ላይ ጥጥም ጭረትም አይበቃም፤ ቁራጭ ቆዳ ተወስዶ መመርመር አለበትና ወደ ቆዳ ሐኪም ላኩት።

ሕፃን ልጅ በታቀፈበት፣ በታሸበት ቦታ ሁሉ ቆዳው የሚላጥበት የትውልድ ሕመምም አለ። ጎረቤት "እናቱ በፈላ ውኃ አቃጠለችው" ይላል። ቃጠሎ አንድ ቀን ይሆናል፣ ድንበር አለው፤ ይህ ግን በየቀኑ አዲስ ይወጣል። እናትየዋን ከመክሰሳችሁ በፊት ይህን ጠይቁ።

የዝሆኔን ነገር አብዛኞቻችሁ ስለምታውቁት በአጭሩ። በደጋው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው ፖዶኮኒዮሲስ ከእግር ጣትና መዳፍ ይጀምራል፣ ሁለቱንም እግር ይይዛል፣ ከጉልበት በታች ይቀራል፤ ተላላፊም አይደለም። ትንኝ የሚያመጣው ዝሆኔ የቆላ ነው፤ ከላይ ሊጀምር፣ የወንድ ብልት ከረጢትንም ሊያሳብጥ ይችላል። ፖዶኮኒዮሲስ የሚለውን ስም የሰጠው እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። መታጠብ፣ ቅባት፣ ካልሲና ጫማ፤ መጀመሪያ ላይ ሲደረስበት ሕክምናው ይህ ነው።

አሁን ወደ ጋቢው። ይህን የምናገረው በራሴ ላይ ስለደረሰ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት ሴት ትከሻዬ ላይ ምልክት አለ ብላ መጣች። ክረምት ነበር፤ ክፍሉ እንደ በረዶ ነው። ጋቢዋን አስወልቄ ከማበርዳት ብዬ ከአንገቷ ገለጥ አድርጌ ባየሁት ጭርት ነው ብዬ ቅባት ሰጠኋት። ከሁለት ዓመት በኋላ ስትመለስ ትንሿና የቀለበት ጣቷ ታጥፈው ቀርተዋል፤ ክርኗ ላይ ያለው ነርቭ ወፍሯል። ያን ቀን ጀርባዋን ባየው ኖሮ ሌላ ሦስት ምልክት ነበረ። ክርኗን ብዳስሰው ይገኝ ነበር። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ገደለ፤ ጣቶቿን ግን አልመለሰላትም። እንዝርት ስታሾር እንዴት እንደምትይዝ አሳይታኛለች።

እባካችሁ፣ ክፍሉን በከሰልም ቢሆን አስቀድማችሁ አሙቁ፤ ከሰሉ ጭሱ ካለቀ በኋላ ይግባ፣ መስኮቱም ትንሽ ይከፈት። ጋቢውን አስወልቁ። ሴት ከሆነች ሴት ባለሙያ አብራ ትኑር። በመስኮት በኩል በሚገባ የቀን ብርሃን እዩ፤ አምፖል የፈዘዘ ምልክትን ይደብቃል። የመማሪያ መጻሕፍቱ ሥዕል በአብዛኛው የነጭ ቆዳ ነው፤ እነሱ "ቀይ" የሚሉት እኛ ላይ ጠቆር ያለ ወይም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሆኖ ይታያል። ከመድኃኒት ቤትም ከሱቅም ተገዝቶ የተቀባውን ቅባት ስሙን ጠይቁ፤ ቤታሜታዞንና ክሎቤታሶል የጭርትን ክብ ድንበር አጥፍተው ሌላ በሽታ ያስመስሉታል። በቴሌግራም ፎቶ የምትልኩልኝም አላችሁ፤ ላኩ፣ እመልሳለሁ። ግን ፎቶ ጥጥ አይሰማውም፣ ነርቩም በስልክ አይዳሰስም። ከፎቶው ጋር የጥጡን ውጤት ጻፉልኝ።

ጠረጴዛው ላይ ጥጥ አስቀምጫለሁ። ሁለት ሁለት ሁኑ። አንዳችሁ እጅጌያችሁን ሰብስባችሁ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ሌላችሁ ጥጡን ጠምዝዙ። ከዚያ ቦታ ትቀያየራላችሁ፤ ቀጥሎ የክርን ነርቭ እንዴት እንደሚገኝ እየዞርኩ ለእያንዳንዳችሁ አሳያችኋለሁ።